የትንሿ ጄት ሞተር ታሪክና የምዕራብ ወሎ ደጋ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበትን ሰፊ ደጋ ካቋረጠ በኋላ መካነ ሰላም ይደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በስተምዕራብና በስተደቡብ የዓባይ፣ በስተሰሜን ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ ደጋውን ከልለውታል። ገደል እንደ አጥር በከበበው በዚህ አገር አንድን ነገር ከወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ ማሻገር ምን ጊዜም የጉልበትና የብልሃት ፈተና ሆኖ ኖሯል። የመካነ ሰላም ስም ከዓለም የአየር ማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ «ኤም ኬ ኤስ» በሚል ምልክት ሰፍሮ መገኘቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የሚተረከው ግን ሰው ስለሚጭን አውሮፕላን አይደለም። አንድ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ ሊያነሣው ስለሚችል፣ መሬት ላይ ቆሞ በሬዲዮ ስለሚመራው፣ ነገር ግን በእውነተኛ ተርባይን ስለሚበር አምሳያ ጄት ነው። ነገሩን እንደ ልጆች ጨዋታ የሚመለከቱ አይታጡም። ሆኖም የዚህች ትንሽ ሞተር ታሪክ ለመሐንዲስ ከጨዋታ የበለጠ ትምህርት አለው። ለረጅም ጊዜ ብዙዎች «አይሆንም» ይሉት የነበረው ሥራ የተሳካው በታላላቅ ፋብሪካዎች ሳይሆን፣ በየቤታቸው ጓዳ ቶርኖ ባቆሙ ጥቂት ሰዎች እጅ ነው። በእኛም አገር በእጅ ታላቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች ነበሩ። የእነዚያ ሥራ ለምን እንደ ተስፋፋ፣ የእኛዎቹ ሥራ ደግሞ ለምን በየመካከሉ እንደ ተቋረጠ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ከጋፋት እስከ መቅደላ

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ማዶ ለማዶ ከሚታዩት አምባዎች አንዱ መቅደላ ነው። በአምባው ላይ እስከ ዛሬ ድረስ «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የብረት ሥራ ጣቢያ አቋቁመው፣ በእጅ ሙያ የሠለጠኑ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን በአንድነት አሠሩ። ከብዙ ሙከራና ከተደጋገመ ውድቀት በኋላ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ ቀልጦ ተጣለ።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ሲነሡ መድፉን በሠረገላ አስጭነው፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ የጂዳንና የበሽሎን ገደሎች አሻገሩት። ጉዞው ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጀ። ገደሉን እየቆረጡ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ መንገዱን ያወጡት ራሳቸው ንጉሡ ከሠራዊታቸው ጋር ነበሩ። የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ የመጣው ጸሐፊ ክሌመንትስ ማርካም ይህን መንገድ በአድናቆት ጠቅሶታል። መድፉ አምባው ከደረሰ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዐረፉ፤ አውሮፓውያኑም ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ።

ለመሐንዲስ ቁም ነገሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መድፉ ቀረ፤ መድፉን የማቅለጥ ጥበብ ግን አልቀረም። የምድጃው አሠራር፣ የጭቃው ቅልቅል፣ ሙከራው የከሸፈበትና ኋላም የተሳካበት ምክንያት በአንድ ንጉሥ ፈቃድና በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የነበረ ስለ ሆነ፣ ባለቤቶቹ ሲበተኑ እርሱም አብሮ ተበተነ። የጋፋት ሥራ ለተከታዩ ትውልድ መነሻ ሊሆን ሲገባው መታሰቢያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

«ፀሐይ»

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ይህም ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ከዚህ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪክ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች። ሞተሯ ከውጭ የመጣ፣ የዋልተር ፋብሪካ ሥሪት ሲሆን፣ አካሏ ግን እዚሁ ተገጣጥሞ እዚሁ በረረ።

የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ አውሮፕላኗ ተማርካ ወደ ሮማ አገር ተወሰደች፤ በዚያም በቤተ መዘክር ተቀመጠች። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ በባዕድ አገር የቆየችውን አውሮፕላን መቀበል ለሁሉም ደስታ ነበር። ይሁንና በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «ፀሐይ»ን አይቶ ሁለተኛዋን የሠራ፣ ሁለተኛዋን አይቶ ሦስተኛዋን ያሻሻለ አልነበረም። በጋፋት የታየው ነገር በአዲስ አበባም ተደገመ፤ ሥራው ተወሰደ፣ ዕውቀቱም ሳይዘራ ቀረ።

ጄት ወደ ደጋው ሲመጣ

አውሮፕላኗ በሮማ ሳለች በሌላው ዓለም አዲስ ሞተር ተወለደ። እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል በ1930 እ.ኤ.አ. የጄት ሞተር የፈጠራ መብት ጠይቆ፣ በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሞተሩን አስነሣ። በጀርመን ሃንስ ፎን ኦሃይን በበኩሉ የደከመበት ሞተር በነሐሴ 1939 እ.ኤ.አ. ሃይንክል 178ን አበረረ። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ነበር የሠራው።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊታወስ የሚገባው፣ ከጄት በፊት የነበረው ተርቦቻርጀር ነው። ሞተር ወደ ከፍታ ሲወጣ አየር ስለሚሳሳበት ይደክማል። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ የሊበርቲ ሞተር 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ተራራ ጫፍ አውጥቶ፣ በጭሱ ኃይል የሚሽከረከር ተርባይን አየር እየጨመቀ ቢመግበው የጠፋው ጉልበት እንደሚመለስ አሳየ። ዛሬ የደሴን ዳገት የሚወጡት ከባድ መኪኖች «ተርቦ» የሚባለውን መሣሪያ ይዘው የሚጓዙት በዚሁ ሕግ ነው። ይህች መኪና ላይ ያለችው መዘውር ወደ ታች በታሪካችን ተመልሳ ትመጣለችና አንባቢ ያስታውሳት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች አስገባ። የልደታው ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በቦሌ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። በዚህ ከፍታ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያና ብርቱ ሞተር ይሻል። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያውያን የጥገና ባለሙያዎች ታላላቅ ተርባይኖችን መፍታት፣ መመርመርና ማደስ ከተካኑ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ማደስና መሥራት ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የሚያድሰው ሰው ሌላው በጻፈው መመሪያ ይሄዳል፤ የሚሠራው ግን መመሪያውን ራሱ መጻፍ አለበት።

ትንሿ ተርባይን ለምን አስቸገረች

ትልቁን ጄት በአሥር እጅ አሳንሶ መሥራት ለምን አይቻልም? ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ የአየር መጭመቂያው መዘውር አየሩን ሊጨምቅ የሚችለው የጠርዙ ፍጥነት ከፍተኛ ሲሆን ነው። መዘውሩ ሲያንስ ያንኑ የጠርዝ ፍጥነት ለማግኘት የዙሩ ብዛት በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ሁለተኛ፣ በመዘውሩና በሽፋኑ መካከል ያለው ክፍተት ከመዘውሩ ጋር እኩል አያንስም፤ ስለዚህ በትንሽ ሞተር ውስጥ ሾልኮ የሚባክነው አየር በንጽጽር ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ በትንሽ የማቃጠያ ክፍል ውስጥ ነዳጁ ተንኖ፣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ፣ ነዶ እስኪጨርስ የሚያገኘው ጊዜ ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። እነዚህ ጉድለቶች ሲደመሩ ተርባይኑ የሚያገኘው ኃይል መጭመቂያውን ለማዞር እንኳ ሳይበቃ ይቀራል፤ ሞተሩም በራሱ ሊቆም አይችልም።

በ1983 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጄሪ ጃክማን በጋዝ ተርባይን የሚሠራ፣ በሬዲዮ የሚመራ አምሳያ አውሮፕላን አበረረ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጄ ፒ ኤክስ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራ ትንሽ ተርባይን ለገበያ አቀረበ። እነዚህ ሥራዎች ነገሩ የሚቻል መሆኑን ቢያስመሰክሩም፣ ዋጋውን የማይችለው፣ ንድፉንም የማያገኘው ተራ ባለሙያ ከውጭ ቆሞ ከመመልከት በቀር ዕድል አልነበረውም።

በሩን የከፈተው ጀርመናዊው ኩርት ሽሬክሊንግ ነው። እርሱ የትልቁን ሞተር ጥራት በትንሹ ለማግኘት ከመሞከር ይልቅ ጥያቄውን ገለበጠው፤ በተራ መሣሪያ ሊሠራ የሚችል፣ ለመኖር ያህል ብቻ የሚበቃ ጥራት ያለው ሞተር ምን ይመስላል? ብሎ ጠየቀ። «ኤፍ ዲ 3/64» ብሎ በጠራው ሞተር ውስጥ የመጭመቂያውን መዘውር ከእንጨት ሠርቶ በካርቦን ክር አጠናከረው። የተርባይኑን መዘውር ሙቀት ከሚችል የብረት ላሜራ ቆርጦ፣ ጥቃቅን ክንፎቹን በእጁ ጠመዘዛቸው። ግፊቱ ዝቅተኛ፣ ዙሩም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፤ ሞተሩ ግን በራሱ ጉልበት ቆመ፤ አውሮፕላንም አበረረ።

ከዚህ የሚበልጠው ሥራው ግን ንድፉን፣ ልኩን፣ ስሌቱንና የአሠራሩን ቅደም ተከተል በመጽሐፍ አውጥቶ ለማንም ሰው እንዲደርስ ማድረጉ ነው። መጽሐፉ በጀርመንኛ፣ ኋላም በእንግሊዝኛ ተነበበ። ከዚያ በኋላ ቶማስ ካምፕስ የተባለው ሌላ ጀርመናዊ የእንጨቱን መዘውር በመኪና ተርቦ መዘውር የሚተካ ንድፍ አወጣ። ከዚህም የተነሣ «ኬ ጄ 66» የተባለው ሞተር ተወለደ። 66 የሚለው ቁጥር የመዘውሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሞስ ወደ ፓይክስ ተራራ ያወጣው መሣሪያ ዘመድ፣ በወሎ ዳገት በመኪና የሚንደቀደቀው ያው መዘውር፣ አሁን በአንድ ሰው መዳፍ ላይ ወደሚያርፍ የጄት ሞተር ገባ።

ንድፉ እንደ ወጣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሠርተው ሞከሩት፤ የከሸፈባቸውን ጻፉ፤ የተሻለውን ለሌላው አካፈሉ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ጄት ካትን የመሰሉ ድርጅቶች ሞተሩን ከነኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያው ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ስዊዘርላንዳዊው ኢቭ ሮሲ በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. በጀርባው ባሰረው ክንፍ የእንግሊዝን ባሕር ሲሻገር የገፉት አራት የጄት ካት ሞተሮች ነበሩ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጀርመን አንድ በሬዲዮ የሚመራ ባለተርባይን አምሳያ በሰዓት 749 ኪሎ ሜትር በመብረር የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። ከእንጨት መዘውር እስከዚህ ድረስ የፈጀው ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ

የ«ኬ ጄ 66» ዓይነት ሞተር ዋና ክፍሎች ከአንድ እጅ ጣቶች አይበዙም። ከፊት የመጭመቂያው መዘውር፣ በመካከል የማቃጠያው ክፍል፣ ከኋላ የተርባይኑ መዘውር፣ ሁለቱን መዘውሮች የሚያገናኝ ዘንግ፣ በመጨረሻም የጋዙ መውጫ አፍንጫ ናቸው። ከፊት የገባው አየር ከሁለት እጥፍ ጥቂት በሚበልጥ ግፊት ተጨምቆ ወደ ማቃጠያው ይገባል። ነዳጁ በክፍሉ ውስጥ በተሰገሰጉ ቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ በሙቀቱ ይተንና ይነዳል። ጋዙም ተርባይኑን አዙሮ በአፍንጫው ይወረወራል። ነዳጁ ላምባ ወይም የአውሮፕላን ጄት ነዳጅ ሲሆን ከመቶ አምስት እጅ ያህል የተርባይን ዘይት ይቀላቀልበታል፤ ኩሽኔታዎቹ የሚለሰልሱት በዚሁ ነው።

የሥራውን ጭንቅ ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። 66 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መዘውር በደቂቃ 115,000 ዙር ሲሽከረከር የጠርዙ ፍጥነት በሴኮንድ 397 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ከጠርዙ ላይ ያለች አንዲት ግራም ብረት 480 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ትጎትታለች። ስለዚህ ሚዛኑ በጥቂቱ የተዛባ መዘውር ኩሽኔታውን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጫል፤ ስንጥቅ ያለበትም እንደ ጥይት ይበተናል። ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ ከመዘውሮቹ ትይዩ በጎን በኩል ማንም እንዳይቆም፣ እሳት ማጥፊያም ከእጅ እንዳይርቅ የሚደረገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስሌቱ በመካነ ሰላም

አሁን ወደ ተነሣንበት ደጋ እንመለስ። ይህን ሞተር የያዘ አምሳያ አውሮፕላን በመካነ ሰላም ሜዳ ቢቆም ምን ይገጥመዋል? በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ2,600 ሜትር ከፍታ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን ግን 0.88 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከመቶ 28 እጁ ጎድሏል ማለት ነው።

ጉድለቱ በሁለት በኩል ይመታል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከመቶ 18 እጅ በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት፤ በባሕር ጠለል በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነሣው አምሳያ በመካነ ሰላም 95 ያህል ይፈልጋል። ሞተሩም በበኩሉ የሚውጠው አየር ስለሳሳ 75 ኒውተን የነበረው የመግፋት ኃይሉ ወደ 54 ኒውተን ዝቅ ይላል። ሁለቱ ሲጣመሩ ለመነሣት የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሲያርፍም እንዲሁ በፍጥነት ስለሚወርድ ረጅም ሜዳና ብርቱ ፍሬን ይሻል።

ሌላም ችግር አለ። ተርባይን እንደ ፒስተን ሞተር ወዲያው አይታዘዝም፤ ከዝቅተኛው ዙር ወደ ከፍተኛው ለመድረስ ሴኮንዶች ይፈልጋል። ማረፊያውን አሳስቶ እንደገና ሊነሣ የሚሻ አብራሪ አስቀድሞ ካላሰበ፣ ሞተሩ ጉልበት እስኪያገኝ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይሆናል። በሳሳ አየር ደግሞ የትርፍ ኃይሉ መጠን ስለሚያንስ ስሕተቱን ለማረም የሚገኘው ዕድል ጠባብ ነው። የአፈር ሜዳው አቧራና ጠጠርም ለመጭመቂያው መዘውር ጠላት ስለሆነ፣ የአየር መግቢያው በወንፊት መሸፈን ይኖርበታል። ሞተሩ በደቂቃ ሩብ ሊትር ያህል ነዳጅ ስለሚጠጣ፣ ሁለት ሊትር የያዘ አምሳያ ከስምንት ደቂቃ በላይ አየር ላይ ሊቆይ አይገባውም።

እነዚህ ሁሉ ግን የሚሰሉ፣ ተሰልተውም መፍትሔ የሚገኝላቸው ናቸው። ክንፉን ማስፋት፣ ክብደቱን መቀነስ፣ በማለዳ ቅዝቃዜ መብረር፣ ከፍ ያለ ኃይል ያለው ሞተር መምረጥ ይቻላል። ለቦሌ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈለገበት ሕግና ለዚህች ትንሽ አምሳያ የሚያስፈልገው ሕግ አንድ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ተማሪዎችን በሚያስተምርበት በዚህ ደጋ፣ የቴርሞዳይናሚክስን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ከመማር በአንዲት መዳፍ በምትሞላ ሞተር ላይ መማር የበለጠ ዘላቂ ነው። የሚያስፈልገው የሚመለከታቸውን ባለሥልጣኖች ፈቃድ ማግኘት፣ ጥሩ ቶርኖ፣ አስተማማኝ የሚዛን መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ የጥንቃቄ ልማድ ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው

ጋፋት፣ «ፀሐይ»ና ትንሿ ተርባይን ሲነጻጸሩ በችሎታ ረገድ የኛዎቹ ያንሳሉ ለማለት የሚያበቃ ነገር አይገኝም። 7 ቶን መድፍ አቅልጦ የበሽሎን ገደል ማሻገር ከእንጨት መዘውር ከማዞር የቀለለ አልነበረም። ልዩነቱ የሚታየው ከሥራው ማግስት ነው። የጋፋት ምድጃ ምሥጢር ከሠሪዎቹ ጋር ሄደ። «ፀሐይ» ስትማረክ የመሥራቱ ልምድ አብሮ ተቋረጠ። የሽሬክሊንግ ሞተር ግን ዛሬ ቢሰበር፣ ቢቃጠል፣ ቢጠፋም ንድፉ በብዙ ሺህ እጆች ስላለ ነገ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደገና ይሠራል።

በአገራችን በየዓመቱ ድልድይ ይሠራል፣ ግድብ ይገነባል፣ ያረጀ ማሽን በአካባቢ በተገኘ ዕቃ ተጠግኖ ይነሣል። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ከሠሪው መሐንዲስ ማስታወሻ ደብተር አያልፉም፤ መሐንዲሱ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ደብተሩ አብሮት ይሄዳል። የማኅበሩ አባላት ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ተግባር ካለ ቀላል ነው፤ የሠሩትን ከነልኩ፣ የከሸፈባቸውንም ከነምክንያቱ ጽፈው፣ ንድፉን ሌላ ሰው ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሴባስቶፖል በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ አለ፤ የሚጎበኘው ሰው ግርማውን ያያል እንጂ እንዴት እንደ ተሠራ ከእርሱ ሊማር አይችልም።